አደራና ኪራይ

ማዘንጊያ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ይዛ ስትደግመው የኖረች ሴት ናት። ካርቱም ከገባች ጀምሮ ያልጠረጠረችው ሰው ቢኖር ሟቹ ባሏ ጌታሁን ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን አንዳንዴ ሳትጠረጥረው አልቀረችም። ውሃ በአህያ ጋሪ የሚያመጡላት ዓም ኢድሪስ በርሜሉን ጎደል አድርገው ነው የሚሞሉት ትላለች። ባለ ረክሻው ሆን ብሎ ያዞረኛል ትላለች። ዳቦ ጋጋሪው ለሐበሻ የሚሸጠው የትናንቱን ነው ትላለች። እንዲህ ያለች ሴት በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ እጇ፣ ከኖረችበት ቤት ወጣች ቢሏችሁ ቀልድ ይመስላችኋል። ከመሳቃችሁ በፊት ስሙኝ።

ቤቱ ጀሪፍ ነው፣ ነፋስ ሲነሳ የወንዙ ዳር ጡብ ማቃጠያ ጭስ የሚደርስበት ሰፈር። ከፊት ያለው ትልቁ ቤት የባለቤቲቱ የሐጃ ሱዓድ ነው፤ ከጓሮ፣ በዚያው ግቢ ውስጥ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ማዘንጊያና ጌታሁን ተከራይተው ዕድሜያቸውን ፈጁባቸው። ጌታሁን በያጅ ነበር። የግቢውን የብረት በር የሠራው እሱ ነው፤ ሐጃ ሱዓድም በሩ የቆመ ዕለት ከላይ እስከ ታች ዳብሰው «ከእንግዲህ ከዚህ ቤት የሚያስወጣችሁ የለም» ብለው መርቀው ነበር። ውሉም ከዚያ የተለየ አልነበረም። የመጀመሪያው ዓመት በወረቀት ነበር፣ ወረቀቱን ክረምት አበሰበሰው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሐጃ «እንቀጥል?» ይላሉ፣ ጌታሁን «እንቀጥል» ይላል፣ አለቀ። ባሏ ከሞተ በኋላም ማዘንጊያ በስፌት መኪናዋ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ኪራዩን ሳታስተጓጉል ኖረች።

ጦርነቱ ሲመጣ ሐጃ ሱዓድ ወደ ግብፅ ሸሹ። ሊሄዱ ሲሉ የትልቁን ቤት ቁልፍ በማዘንጊያ መዳፍ ላይ አስቀምጠው መዳፏን በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

«አማና ነው» አሏት። «ከእኔ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጪ።»

አማና ማለት አደራ ነው። ለዚህ ቃል ማዘንጊያ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። እናቷ ከሞት አልጋ ላይ ሆና እንኳ የጎረቤት ወንፊት ይመለስ ብላ የተናዘዘች ሴት ናት። ቁልፉን ከግቢው በርና ከራሷ ክፍል ቁልፎች ጋር በአንድ ቀለበት አስገብታ በማተቧ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው።

ሰልሰቢል የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። የወሎ ልጅ ናት፤ ዐማራት በሚባለው የካርቱም ሰፈር በአንድ ትልቅ ቤት ሠራተኛ ነበረች። አሠሪዎቿ ሲሸሹ እሷን ከነድመታቸው ጥለዋት ሄዱ። በእግሯ ጀሪፍ ድረስ መጥታ «ሐበሻ አለ የተባልኩት እዚህ ነው?» ብላ በሩን አንኳኳች። ማዘንጊያ መጀመሪያ ሌባ ናት ብላ ጠረጠረቻት። ኋላ ግን ተኩሱ ሲበረታ ከአንድ አልጋ ሥር ተኝተው አንዷ እመብርሃንን፣ ሌላዋ አላህን ሲለማመኑ ጥርጣሬው ተረሳ። ሁለተኛውን ክፍል ለቀቀችላት፤ ሰልሰቢልም ለሐጃ ከሚቀመጠው ኪራይ ድርሻዋን ታዋጣ ጀመር። የግቢው በርና የክፍሏ ቁልፍም ተሰጣት፤ እሷም በክር አድርጋ ከጡቷ ሥር ያዘችው።

የታጠቀ ሰው መጥቶ በሩን በሰደፍ ሲደበድብ የምትወጣው ማዘንጊያ ነበረች። «ቤቱ የማነው?» ይሏታል። «የትልልቅ ሰዎች ነው፣ እኔ ጋፊር ነኝ» ትላለች። ጋፊር የቤት ጠባቂ ነው። ተከራይ ነኝ ያለ ሰው የሚከፍለው ገንዘብ አለው፤ የሰው ቤት ከምትጠብቅ ድሃ ግን ምን ይዘረፋል? ትልልቆቹ ሰዎች ደግሞ እነማን እንደሆኑ ስለማይታወቅ ያስፈራሉ። ይህን መልስ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል፣ ዓም ኢድሪስም ጋሪያቸው ላይ ተቀምጠው እየሰሙ በሆዳቸው ይስቁ ነበር። ከግራም ከቀኝም ያሉት ቤቶች ተዘረፉ፤ በርና መስኮት፣ ከግድግዳ ውስጥ ያለው የመብራት ሽቦ ሳይቀር ተመዝዞ ሄደ። የሐጃ ሱዓድ ቤት መጋረጃው እንኳ አልተነካም።

ሃሺም የመጣው ውጊያው ጋብ ብሎ፣ ሰው እየተመለሰ በየፍርስራሹ ላይ በሚያለቅስበት ሰሞን ነው። የሐጃ ሱዓድ የወንድም ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ለስላሳ ተናጋሪ። በዚያ ሁሉ አቧራ ጫማው ያብረቀርቃል፤ ማዘንጊያን ጥርጣሬ ውስጥ ለማስገባት ይህ ብቻ ይበቃ ነበር። ግን ደጃፍ ላይ ቆሞ በአማርኛ «እንደምን አደርሽ፣ እማማ» ሲላት ሆዷ ባባ።

«ኧረ በሞቴ! የት ተማርከው?»

«አዲስ አበባ። ጦርነት ጊዜ እዚያ ነበርኩ» አላት፤ ከዚያ አማርኛው ሲያልቅበት ወደ ዓረብኛ ዞረ። «ቤት ተከራይቼ ነበር። አከራይዋ አንድ ቀን ልጄ ከዓረብ አገር ልትመጣ ነው፣ ልቀቅ አለችኝ። ማታ ስመለስ ዕቃዬ ደጅ ነበር። ፖሊስ ጋ ብሄድ ወረቀትህ የታል አለኝ።»

እየሳቀ ነው የነገራት፤ የጥርስ ሳቅ ነበር። ማዘንጊያ አከራይዋ ራሷ የሆነች ያህል አፈረች። ከዚያ እፍረት የተነሳ ነው ያን ዕለት ያለ ልክ የለሰለሰችው። ትልቁን ቤት ከፍታ አስገባችው። አልጋው፣ ፍሪጁ፣ የሐጃ የሠርግ ፎቶ፣ በቁም ሣጥን ውስጥ የታጠፈው ልብስ፣ ሁሉ እንዳለ ነው። ሃሺም እየዞረ አየና ዓይኑን በመዳፉ ጠራረገ። ምሳ አቀረበችለት፤ ጌታሁን ከሠራው የግቢ በር ውጭ ካለው ደረጃ ላይ ተቀምጠው በሉ።

«የኔ ቤት ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ነው፤ አንድ ማንኪያ አልተረፈም» አላት። «ያንቺ እንዴት ተረፈ?»

«አደራ ነዋ!»

«አደራ ምንድነው?»

«አማና። የኛ ግን ይብሳል» አለች ማዘንጊያ፤ ይሄኔ ምላሷ ተፈታ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ከኛ ዘንድ ሰው ገድሎ ይታረቃል፤ አደራ የበላ ግን ዘሩ ሁሉ ይሰደባል። አደራ በላ ከምባል ሞቴን እመርጣለሁ።»

«አደራ ባላ» አለ ሃሺም።

«በላ! አደራ በላ።»

«አደራ በላ» አለ። አሁን አጣርቶ አለው። ሁለቱም ሳቁ፣ እሷም ጎበዝ ብላ ወጡን ጨመረችለት።

ሲሄድ ቁልፉን እሱ ቢይዘው እንደሚሻል ጣል አደረገ። ሐጃ «ለእኔ እጅ ብቻ» ብለውኛል አለችው። ልክ ነሽ አላት። የሐጃን የግብፅ ስልክ ስጠኝ ብትለው ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው እንደተኙ፣ ለጊዜው ሐኪም ከሰው ጋር እንዲያወሩ እንዳልፈቀደ ነገራት። በሩን ዘግታ ከገባች በኋላ ነው ነገሩ የቆረቆራት። ለዓይን ሕመም አፍ የሚከለክል ሐኪም የት አገር ነው ያለው?

ከዚያን ቀን ወዲያ እንቅልፍ የለም። ሃሺም በነጋታው አንድ ወፍራም ሰው ይዞ መጣ። ወፍራሙ ሰው የማዘንጊያን ክፍል ግድግዳ በጣቱ ቋ ቋ እያደረገ አንኳኳ፣ ጣራውን አየ፣ «ይሄኛው ይፈርሳል» አለ። ሃሺም ሰማችብኝ ይሆን ብሎ ዞር አለ። እሷ ያልሰማች መስላ ልብስ አሰጣች። ሌላ ቀን ደግሞ ለጎረቤት ሲያስተዋውቃት «ጋፊራችን ናት፣ አላህ ይስጣት» አለ። ጋፊራችን! ተከራይ ነኝ ልትል አፏን ከፈተችና ዋጠችው፤ ያን ቃል ለሰፈሩ ያስለመደችው እሷው ናት። የሰጠችውን የወር ኪራይ ደግሞ አልወስድም አለ። «ጠባቂ ኪራይ ይከፍላል እንዴ፣ እማማ?» አላት በፈገግታ። ሌላ ሰው ቢሆን እሰየው ይል ነበር። ማዘንጊያ ግን ገንዘቡን መልሳ ጠቀለለችው፤ ኪራይ የማይቀበል አከራይ ምን እንደሚፈልግ ለመረዳት ሕግ መማር አያሻም።

እስከዚህ ድረስ ጥርጣሬዋ ቦታውን አልሳተም ነበር። ችግሩ ጥርጣሬ አንዴ ከተነሳ ባለጉዳዩ ጋ ብቻ የማይቆም መሆኑ ነው።

ሰልሰቢል ሰሞኑን ተለውጣለች። ዐማራት ሥራ አግኝቻለሁ ብላ በጠዋት ትወጣለች፣ አምሽታ ትገባለች። ስልክ ሲደወልላት ከግቢው ጥግ ሄዳ በሹክሹክታ ታወራለች። አንድ ቀን ማዘንጊያ ከገበያ ስትመለስ ሰልሰቢልን ከሃሺም ጋር መስጊዱ ጥግ ቆማ አገኘቻት። ልጅቷ አንገቷን ሰበር አድርጋ ትጠይቀዋለች፣ እሱ እጁን እያወናጨፈ ያስረዳታል። ማዘንጊያ ከግድግዳ ኋላ ሆና አየቻቸው። ማታ ራት ላይ ምንም እንዳላየች ሆና «ሃሺምን አግኝተሽው ታውቂያለሽ?» አለቻት።

«የት አገኘዋለሁ?» አለች ሰልሰቢል ቁራሽ እየጎረሰች።

ማዘንጊያ ሳህኑን ገፋ አደረገችው። ከአንድ አልጋ ሥር የተኛ ሰው እንዲህ ዓይን እያየ ይዋሻል? በማግሥቱ ደግሞ ሰልሰቢልን ከዓም ኢድሪስ ጋሪ አጠገብ ተቀምጣ ሽማግሌውን ስትለምን አገኘቻት፤ ማዘንጊያ ብቅ ስትል ሁለቱም ዝም አሉ። ያን ዕለት ማታ ልጅቷ ራሷ ነገር ጀመረች።

«እትዬ፣ ጋሽ ጌታሁን ቤቱን የተከራዩ ዕለት ማን ነበር ምስክሩ?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«እንዲያው ነው።»

«እንዲያው የሚባል ጥያቄ የለም።»

«ኢንሻላህ እነግርሻለሁ፤ ትንሽ ታገሽኝ።»

«ለሃሺም የምትነግሪውን ነው ለኔ የምትነግሪው ወይስ የተረፈውን?»

የሰልሰቢል ፊት ተለዋወጠ። ልትናገር አስባ ተወችው። ማዘንጊያ ይህን ዝምታ እንደ ምስክርነት ቆጠረችው። ሃሺም ለልጅቷ ምን ቃል ገብቶላት ይሆን? ከትልቁ ቤት አንዱን ክፍል? ወይስ የሥራ ወረቀት? ለወረቀት ሲሉ ስንቱን ያደረጉ ሰዎች ታውቃለች። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር።

«የግቢውን በርና የክፍሉን ቁልፍ ስጪኝ» አለቻት።

«እንዴት ነው የምገባው ታዲያ?»

«ስታንኳኪ እከፍትልሻለሁ።»

«እትዬ ማዘንጊያ፣ ወላሂ...»

«አትማይብኝ። ስጪኝ።»

ሰልሰቢል እጇን ከጡቷ ሥር ሰዳ ክሩን በአንገቷ አወጣችው። ቁልፎቹ ከገላዋ ሙቀት ነበራቸው። አላለቀሰችም፤ ልጅቷ ብታለቅስ ኖሮ ትመልስላት እንደነበር ማዘንጊያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስባዋለች። ክሩን በጥሳ ቁልፎቹን ከሌሎቹ ጋር በዚያው ቀለበት ላይ አስገባቻቸው። አሁን የግቢው ቁልፍ ሁሉ ከአንድ አንገት ላይ ተንጠለጠለ፤ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ተኛች።

ዓርብ ጠዋት ሰልሰቢል በሩን አስከፍታ ወጣች። «ዛሬ እስክመጣ ከግቢ አትውጪ» አለቻት ከደጅ ሆና። ማዘንጊያ ትእዛዙ ከነከናት። ምን ሊመጣ ነው? ማንንስ ልታመጣ ነው? ከልጅቷ ይልቅ የመጣው ሃሺም ነበር። ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ከመስጊድ አስከትሎ። ዓም ኢድሪስም ከኋላ አሉበት፣ መሬት መሬት እያዩ።

የግቢው በር ላይ ቆመው ሰላምታ ተለዋወጡ። እንደ ደንቡ የጤናው፣ የቤቱ፣ የሰላሙ ጥያቄ ተራ በተራ ተነሳ። ከዚያ ሃሺም ድምፁን ዝግ አድርጎ ጀመረ።

«ይህች እናት በዚያ ክፉ ጊዜ ቤታችንን ጠብቃልናለች። ከቤተሰባችን ወገን ምስጋና አላት። አሁን ግን ቤተሰቡ ተመልሷል፤ የጠባቂ ሥራ አልቋል። ቁልፉን ትስጠን ነው የምንለው።»

«እኔ ጠባቂ አይደለሁም፣ ሙስተእጂር ነኝ!» አለች ማዘንጊያ። «ተከራይ። ሐጃ ሱዓድ ያውቃሉ።»

«ለወታደሮቹ ምን ነበር የምትያቸው?»

«ያ ሌላ ነው። ያ ነፍስ ለማዳን ነው።»

«ዓም ኢድሪስ፣ ምን ስትል ሰምተዋል?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጋፊር ነኝ ትል ነበር። ግን ልጄ፣ ያን ጊዜ ማናችንም...»

«ኻላስ፣ ይበቃል» አለ ሃሺም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ማዘንጊያ ቀለበቱን በልብሷ ላይ እንደጨበጠች ወደ በሯ ተጠጋች። ልቧ ገና አልተሸነፈም። ዓመት ሙሉ በሰደፍ ያልተከፈተ በር በነጭ ጀለቢያ አይከፈትም።

«ቁልፉን ለሐጃ እጅ እንጂ ለማንም አልሰጥም» አለች። «አማና ነው የተባልኩት።»

ሃሺም አንድ እርምጃ ቀረባት። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። በአማርኛ፣ ጥርት አድርጎ፣ መንገድ ላይ የሚያልፉት ሁለት ሐበሾች ዞር እስኪሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«አደራ በላ።»

ማዘንጊያ ጆሮዋ ጭው አለ። በዓረብኛ ሌባ ቢላት፣ ውሻ ቢላት ትመልስለት ነበር። ይህ ግን ከእናቷ አገር፣ ከእናቷ አፍ የመጣ ቃል ነው። ሁለቱ ሐበሾች ቆመው እያዩዋት ነው። ነገ በቤተ ክርስቲያን ምን ይባላል? የሐጃን ቤት በላች ይባላል። ይህን ቃል ያቀበለው ማን እንደሆነ በአእምሮዋ ብልጭ አለ፤ ሰልሰቢል ናት፣ ሌላ ማን አማርኛ ያስተምረዋል! ንዴቱና እፍረቱ አንድ ላይ ሲመጡባት ስለ ኪራይ፣ ስለ ውል፣ ስለ መብት የምታውቀው ሁሉ ከራሷ ጠፋ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ስሟን ማንጻት።

ቀለበቱን ከአንገቷ ባንድ ጊዜ መዛ አወጣችው። ማተቧ አብሮ ሊበጠስ ነበር።

«እንካ!» አለች። «ሁላችሁም ግቡና ቁጠሩ! አንድ ማንኪያ ቢጎድል በአደባባይ እግዜር ይፍረድብኝ!»

ከዚያ ጎትታ ያስገባቻቸው ያህል አስገባቻቸው። እየዞረች አሳየቻቸው። ይሄ አልጋው፣ ይሄ ፍሪጁ፣ ይሄ የሐጃ ፎቶ፣ ይሄ ብርጭቆ፣ ሲሰነጠቅ አይታችሁታል? ሽማግሌዎቹ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» እያሉ አንገታቸውን ነቀነቁ። አንዱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ባረካት። ማዘንጊያ ቁመቷ የጨመረ መሰላት። እውነቱን ለመናገር፣ ከጌታሁን ሞት ወዲህ እንደዚያች ሰዓት ኮርታ አታውቅም።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አብራ ወጣች። ሐበሻ እንግዳውን ከወንበር ላይ ሆኖ አይሸኝም፤ እስከ በር፣ ክብር ካለው እስከ መንገድ ይሸኛል። ማዘንጊያ እስከ መንገድ ሸኘች። «ደህና ዋሉ፣ አላህ ይስጥልን» እያለች እጅ ነሳች። ከኋላዋ በሩ ሲዘጋ ሰማች። ያን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ባሏ የበየደው በር ሲቆለፍ የሚሰጠው ድምፅ ነው።

«ዕቃሽን በጋሪ እልክልሻለሁ፣ እማማ» አለ ሃሺም ከውስጥ። «የስፌት መኪናሽንም። እኔ እንዳንቺ አገር ሰው ደጅ አልጥልም።»

ደበደበችው። በሩን በመዳፏም በጡጫዋም ደበደበችው። ሽማግሌዎቹ ትንሽ ቆመው አዩ። «በገዛ እጇ፣ በፊታችን ነው የሰጠችው» አለ አንዱ ለሌላው፣ ከዚያ እያዘኑ ሄዱ። ዓም ኢድሪስ ብቻ አህያቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ። ማዘንጊያ ደጁ ላይ ተቀመጠች። ውስጥ ያለው ሁሉ ታያት፤ መኪናዋ፣ ግማሽ የተሰፋው ዩኒፎርም፣ የጌታሁን የብየዳ መነጽር። እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ሰልሰቢል የመጣችው ይሄኔ ነው። ከረክሻ ዘላ ወርዳ፣ ሻርፗ ከራሷ ወርዶ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ትስቃለች።

«እትዬ! አልሐምዱሊላህ በይ! አሁን የምሠራበት ዐማራት ያለው ሰውዬ ሙሓሚ ነው፤ ጠበቃ ነው። ዓርብ ቤቱ ስለሚሆን ዛሬ ለኔ ሲደዋውል ቆየ። ግብፅ ባሉ ዘመዶቹ በኩል ሐጃ ሱዓድን አገኛቸው! በጆሮዬ ሰማኋቸው። ምንም አላመማቸው። ቤቴን አልሸጥም፣ ማዘንጊያ ተከራዬ ናት፣ ሃሺም ምንም ውክልና የለውም አሉ። እኔም እኮ ውክልና እንዳለው ለማጣራት ነበር እንደ ጅል ሆኜ ሃሺምን የጠየቅሁት። ዓም ኢድሪስም ስትከፍይ እንዳዩ መሕከማ፣ ፍርድ ቤት ቆመው ይመሰክራሉ።»

ዓም ኢድሪስ ከአህያቸው ጀርባ ሆነው ዓረብኛ ያልሆነውን ሁሉ የገባቸው ያህል ፊታቸውን አዞሩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ማዘንጊያ።

«አንቺ ሰው ትጠረጥሪያለሽ እንጂ ነገር አትደብቂም፣ እትዬ። እኔን ስትቆጪ እንኳ ነገሩን ለሱ ታወጪዋለሽ ብዬ ፈራሁ።» ከዚያ ጣቷን አነሳች። «አንድ ነገር ብቻ አለ ጠበቃው፤ ደጋግሞ ነው ያለኝ። ያለ ፍርድ ቤት ማንም አያስወጣችሁም፤ ውስጥ ሁኑ፣ ቁልፉን በፈቃዳችሁ ለማንም አትስጡ። አማናው የትልቁ ቤት ቁልፍ ብቻ ነው፤ የጓሮው ቁልፍ አማና አይደለም፣ ኪራይ ነው፣ የናንተ ነው አለ። በምስክር ፊት ከሰጣችሁ ግን ወዳችሁ ለቀቃችሁ ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ደጅ የምትጠኑት እናንተ ናችሁ አለ።» ይሄኔ ነው የተዘጋውን በር ያየችው። «ምነው ደጅ ተቀመጥሽ?»

ማዘንጊያ ነገረቻት። አንድም ሳታስቀር ነገረቻት፣ እስከ ቃሉ ድረስ።

«በአማርኛ አለሽ?» አለች ሰልሰቢል። «አደራ በላ ብሎ? ይሄን ማን አስተማረው?»

አንቺ ልትላት ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ዓይኗ ከበሩ አጠገብ ባለው ደረጃ ላይ አረፈ፤ ምሳ የበሉበት ደረጃ ነው። «በላ! አደራ በላ» ስትለው፣ ሲያጣራው ጎበዝ ብላ ወጥ ስትጨምርለት ታያት። አፏን መልሳ ዘጋችው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሷ ግን ጠርጥራ ነው የተመነጠረችው።

«ግዴለም» አለች ሰልሰቢል ሻርፗን እያስተካከለች። «ያንቺን ቁልፍ ነው የወሰደው። እኔም እኮ ተከራይ ነኝ፤ ከሁለታችን አንዳችን ከገባን በቂ ነው። እሱ ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሲወጣ በኔ እንገባ...»

እጇን ከጡቷ ሥር እንደሰደደች ቀረች። ክሩን የለመደ እጅ ነው፤ ባዶ መሆኑን የረሳ። ቀስ ብላ እጇን አወጣችው። ማዘንጊያን አላየቻትም፤ ብታያት ይከብዳታል ብላ መሰለኝ።

«ያንቺም እዚያው ቀለበት ላይ ነው» አለች ማዘንጊያ።

ከበሩ ወዲያ፣ ከጓሮ በኩል፣ የቁልፍ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሃሺም ክፍሎቹን ለመክፈት አንዱን ቁልፍ አስገብቶ ያወጣል፣ ሌላውን ያስገባል። ቁልፉ በዛበት። ሰልሰቢል ሻርፗን ከራሷ አውርዳ ከበሩ ሥር አነጠፈችና ጀርባዋን ለብረቱ ሰጥታ ተቀመጠች።

«ነይ፣ እትዬ» አለች ከጎኗ መሬቱን እየጠረገች። «መሕከማ እስኪከፈት ከዚህ በር አንነሳም።»

ማዘንጊያ ተጠግታ ተቀመጠች። ውስጥ አንዱ ቁልፍ ገጠመና የሰልሰቢል ክፍል ተከፈተ።